ፓራሹቱ የት ነበር? የኒኮላስ አልከሜድ ውድቀትና የላንካስተር ተኳሾች አገልግሎት

ላንካስተር በምትባለው የእንግሊዝ አየር ኃይል ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ የኋላ መትረየስ ተኳሽ የነበረው የ21 ዓመቱ ኒኮላስ አልከሜድ ከ5,500 ሜትር ከፍታ ያለ ፓራሹት ዘልሎ ተረፈ። የወደቀው ጀርመን ውስጥ ሽማለንበርግ አቅራቢያ ባለ ጫካ፣ ለማርች 25 ቀን 1944 አጥቢያ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ለመጋቢት 16 ቀን 1936 ዓ.ም. አጥቢያ መሆኑ ነው። የጥድ ዛፎችና ከሥራቸው 45 ሴንቲሜትር ያህል የተከመረ ለስላሳ በረዶ ተቀበሉት። ፊቱና እጆቹ በእሳት ተለብልበው፣ እግሩም ወለም ብሎት ነበር። ከዚያ ያለፈ ከባድ ጉዳት አልደረሰበትም።

ይህ ታሪክ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ተአምር እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ከተአምሩ በፊት ግን መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አለ። በጠላት ሰማይ ላይ የሚበር ወታደር አውሮፕላኑ በእሳት ሲያያዝ ፓራሹቱ ለምን በላዩ ላይ አልነበረም? መልሱን የምናገኘው ከአውሮፕላኑ አሠራር ነው። አልከሜድን ያለ ፓራሹት ያስቀረው አሠራር ሌሎች ብዙ ሰዎችን ሕይወታቸውን አስከፍሏቸዋል።

ጥያቄው ዛሬ የሚያስቸኩለው በቃል የሚመልሱት ሰዎች እያለቁ በመሆናቸው ነው። በሜይ 1943 የጀርመንን ግድቦች ለመምታት ከተላኩት 133 የበረራ ሠራተኞች መካከል የመጨረሻው፣ ቦምብ አነጣጣሪው ጆኒ ጆንሰን በ101 ዓመታቸው በዲሴምበር 2022 አርፈዋል። ዛሬ በሕይወት ያሉት የላንካስተር ሠራተኞች ወደ መቶ ዓመት የተጠጉ ወይም መቶን ያለፉ፣ ቁጥራቸውም እጅግ ጥቂት ነው። ከእነሱ በኋላ የሚቀረን ወረቀትና ስብርባሪ ብቻ ስለሚሆን፣ እነዚህን እንዴት ማንበብ እንዳለብን ከወዲሁ ማወቅ ይኖርብናል።

ከቆሰለው የሞተው ሲበልጥ

ቦምበር ኮማንድ ተብሎ የሚጠራው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዕዝ በጦርነቱ ዘመን 125,000 ያህል የበረራ ሠራተኞችን አሰልፏል። ከእነዚህ 55,573ቱ ሞተዋል፤ ከመቶ 44 ማለት ነው። 9,838 ተማርከዋል፣ 8,403 ቆስለዋል።

ከእነዚህ አኃዞች ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው የመጨረሻውን ነው። በእግረኛ ጦር ዘንድ ቁስለኛው ከሟቹ መብለጡ የተለመደ ነው። እዚህ ግን የሞቱት ከቆሰሉት ስድስት እጥፍ ተኩል ሆነው እናገኛቸዋለን። ምክንያቱ የጀርመን ጥይት የተለየ ገዳይ መሆኑ አይደለም። አውሮፕላኑ ተመትቶ መውደቅ ከጀመረ ውስጡ ያሉት፣ የቆሰለውም ያልቆሰለውም፣ ዕጣቸው አንድ ይሆናል። የሚለያዩት መውጣት በቻለውና ባልቻለው ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድን ቦምብ ጣይ ሠራተኛ የጦርነት አገልግሎት ለመረዳት ስንት ጊዜ በረረ፣ ስንት ጠላት መታ ከማለት በፊት ከሚቀመጥበት ቦታ እስከ መውጫው ያለውን መንገድ መለካት ይበጃል።

አንድ ሠራተኛ የመጀመሪያ ዙር ግዳጁን ጨረሰ የሚባለው 30 ጊዜ ከጠላት ወረዳ በላይ በርሮ ሲመለስ ነበር። በእያንዳንዱ በረራ ከመቶ አውሮፕላን አራቱ ሳይመለሱ የሚቀሩ ከሆነ፣ 0.96ን በራሱ 30 ጊዜ ስናባዛው 0.29 ገደማ ይመጣል። ከመቶ ሰው ዙሩን በሰላም የሚጨርሰው 29 ብቻ ነው ማለት ነው። ኪሳራው ወደ ሦስት ሲወርድ 40 ይሆናል፤ ወደ አምስት ሲወጣ 21። አንድ ከመቶ ለዕዙ መሥሪያ ቤት ትንሽ ልዩነት ሊመስል ይችል ይሆናል። ለሰባቱ የአውሮፕላን ጓዶች ግን የሕይወትና የሞት ልዩነት ነበር።

የኋላ ተኳሹ ሥራ

ላንካስተር አራት ሞተር ያላት ቦምብ ጣይ ስትሆን፣ ሰባት ሰው ትይዛለች፦ አብራሪ፣ የበረራ መሐንዲስ፣ አቅጣጫ መሪ፣ ቦምብ አነጣጣሪ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ የላይ ተኳሽና የኋላ ተኳሽ። አምስቱ ከፊት በኩል እርስ በርስ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። የላይ ተኳሹ መሐል ላይ፣ የኋላ ተኳሹ ደግሞ ከጅራቱ ጫፍ ላይ ብቻውን ነው። ከተነሡበት እስኪመለሱ ድረስ ሰባት ስምንት ሰዓት ያህል ከጓዶቹ ጋር የሚያገናኘው ኢንተርኮሙ ብቻ ነበር።

የኋላ ተኳሹ የሚቀመጥበት ክፍል ቱሬት ይባላል። ወደ ግራና ቀኝ በሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት) ኃይል የሚሽከረከር፣ ከብረትና ፐርስፔክስ ከሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ የተሠራ ጎጆ ነው። ውስጡ አራት ብራውኒንግ መትረየሶች ተገጥመዋል። እያንዳንዱ በደቂቃ 1,150 ያህል ጥይት ይተፋል፣ ለእያንዳንዱም 2,500 ጥይት ይመደብለታል። ይህን ሁሉ ጥይት ቱሬቱ ውስጥ ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ ሣጥኖቹ ከአውሮፕላኑ ሆድ ዕቃ መሐል ተቀምጠው የጥይቱ ዝናር በብረት ቦይ እየተሳበ እስከ ጅራቱ ይደርሳል። ቱሬቱን የሚያሽከረክረው የዘይት ቧንቧም በዚያው በኩል ያልፋል። እሳት ሲነሣ ዘይቱ የሚሆነውን ለመገመት አያዳግትም።

አራት መትረየስ ሲባል ብዙ ቢመስልም፣ የጥይቱ ውፍረት 7.7 ሚሊሜትር ነበር። የጀርመን የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላኖች ደግሞ 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ፈንጂ ጥይቶችን የሚተኩሱ መድፎች ነበሯቸው። ስለዚህ የኋላ ተኳሹ ዋና ሥራ መተኮስ አልነበረም፤ ማየት ነበር። ጠላትን ቀድሞ ካየ በኢንተርኮሙ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ብሎ ይጮኻል፤ አብራሪው ወዲያው አውሮፕላኑን ወደዚያው አቅጣጫ እየጠመዘዘ ቁልቁል ይወረውራል፣ ከዚያም መልሶ በተቃራኒው ያወጣል። እንደ ቡሽ መንቀያ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ይህ ሽሽት አሳዳጁ እንዳያነጣጥር ያደርገዋል። አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ ሠላሳውን በረራ የጨረሱ ተኳሾች ነበሩ። ይህን እንደ ስንፍና መቁጠር ስሕተት ነው፤ ሳያስፈልግ መተኮስ በጨለማ ውስጥ ራስን በብርሃን ማስጠቆም ነበር።

ማየቱም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዓይን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ በዚያ መሐል አንድ ደማቅ ብርሃን ካየ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። በጨለማ ውስጥ ያለን ነገር በቀጥታ ካፈጠጡበት ይጠፋል፤ ትንሽ ገሸሽ አድርገው ሲያዩት ግን ይወጣል። የዓይናችን መሐል ለቀለምና ለብርሃን እንጂ ለጨለማ ስላልተሠራ ነው። ፐርስፔክሱ ላይ ያለች አንዲት የዘይት ጠብታ ወይም ጭረት ሩቅ ያለ አውሮፕላን ትመስላለች። በዚህ ምክንያት ብዙ ቱሬቶች ፊት ለፊት ያለው ፐርስፔክስ ተቆርጦ ይወጣላቸው ነበር። እይታው ይጠራል፤ በምላሹ እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚወርድ አየር ፊት ላይ ይገባል። ተኳሹ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ይለብሳል፣ እጁ ላይ ጓንት በጓንት ይደርባል። ልብሱ ሽቦው ከተበጠሰ ሰውየውን ለብርድ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ሽቦው ከተነካካ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ያቃጥለዋል። ከአፍ የሚወጣው እርጥበት የኦክስጅን ቱቦው ውስጥ በረዶ ስለሚሠራ በየጊዜው ቱቦውን በእጅ መጭመቅ ያስፈልግ ነበር። ይህን የረሳ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል፤ ከፊት ያሉት ጓዶቹም ለጥሪያቸው መልስ እስኪያጡ ድረስ አያውቁም።

ያቺ ሌሊት

በማርች 24 ምሽት 811 አውሮፕላኖች ወደ በርሊን ተነሡ። በኖቬምበር 1943 የተጀመረው የበርሊን ዘመቻ የመጨረሻው ትልቅ ድብደባ ነበር። 72ቱ አልተመለሱም፤ ከመቶ ዘጠኝ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በዚህ መጠን 30 ጊዜ መብረር ቢያስፈልግ ከመቶ ሰው የሚተርፈው ስድስት ገደማ ብቻ ይሆናል።

የዚያን ሌሊት ዋናው ጠላት ነፋስ ነበር። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ በትንበያ ከተነገረው እጅግ የበረታ ሆኖ ተገኘ። የነፋሱን ኃይል በአየር ላይ እየለኩ ወደ እንግሊዝ እንዲያስተላልፉ የተመደቡ አቅጣጫ መሪዎች ነበሩ። ያገኙት ቁጥር ከለመዱት ሁሉ ስለበለጠ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ተጠራጥረው ቀነሱት። ቁጥሩ የደረሳቸው የመሬት ሰዎችም እንደገና ቀነሱት። ሁለት ጊዜ የተቀነሰው ቁጥር ለመላው ቡድን ተሰራጨ። በዚህ የተነሣ አውሮፕላኖቹ ከመስመራቸው ወደ ደቡብ እየተገፉ ተበታተኑ፤ ሲመለሱ ሊሸሿቸው የነበሩት ሩር የሚባለው የጀርመን የኢንዱስትሪ ወረዳና የሌሎች ከተሞች ፀረ አውሮፕላን መድፎች ላይ በቀጥታ ደረሱ። ከጠፉት 72 አውሮፕላኖች አብዛኞቹን ያወረደው የመሬት መድፍ እንደነበረ ይታመናል። የመለኪያ መሣሪያ ትክክለኛውን ተናግሮ ሰው ስላላመነው የደረሰ ጥፋት ነው።

አልከሜድ የነበረባት ላንካስተር የምዝገባ ቁጥሯ ዲኤስ 664 ሲሆን፣ እንግሊዝ ውስጥ ዊችፎርድ ላይ የሰፈረው የ115ኛ ስኳድሮን (የበረራ ክፍል) ንብረት ነበረች። ከበርሊን እየተመለሰች ሳለ ዩንከርስ 88 የሚባል የጀርመን የሌሊት ተዋጊ አገኛት። ሽማለንበርግ የሚገኘው ከሩር በስተምሥራቅ ባለው ተራራማ አገር ነው። ከዚያ ቦታ መገኘቷ ብቻውን ነፋሱ ምን ያህል እንደገፋት ይመሰክራል። አውሮፕላኗ በእሳት ተያያዘች፤ አብራሪው ጃክ ኒውማንም ጓዶቹ እንዲዘሉ አዘዘ።

ከቱሬቱ ለመውጣት

ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በላንካስተር ላይ አብራሪው ፓራሹቱን እንደ መቀመጫ ትራስ ከሥሩ አድርጎ ይቀመጥበታል። የቀሩት ስድስቱ የሚለብሱት ማሰሪያውን ብቻ ነው፤ ታጥፎ የታሸገው ፓራሹት ለብቻው በአቅራቢያቸው ይቀመጣል። በአደጋ ጊዜ ያነሡታል፣ ደረታቸው ላይ ባሉት ሁለት መንጠቆዎች ይሰኩታል። ለኋላ ተኳሹ ግን በአቅራቢያው ማለት ቱሬቱ ውስጥ ማለት አልነበረም። ወፍራም ልብስ የደረበ ሰው፣ አራት መትረየስና የማነጣጠሪያ መሣሪያው ቦታውን ጨርሰውታል። ስለዚህ ፓራሹቱ ከቱሬቱ በር ውጭ፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ዕቃ ውስጥ ባለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር።

እንዲዘል የታዘዘ የኋላ ተኳሽ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ቱሬቱን አሽከርክሮ ትክክል ወደ ኋላ ያዞራል፤ ከጀርባው ያለው በር ከሆድ ዕቃው ጋር የሚገጥመው ያን ጊዜ ብቻ ነውና። በሩን ይከፍታል። ወደ ኋላው ተጠማዝዞ እጁን ይዘረጋና ፓራሹቱን ይወስዳል፣ ደረቱ ላይ ይሰካዋል። የኦክስጅኑን ቱቦ፣ የኢንተርኮሙንና የሚሞቀውን ልብስ ገመድ ይነቅላል። ከዚያ በሩ ወደ ውጭ፣ ወደ ባዶው አየር እስኪዞር ድረስ ቱሬቱን ወደ ጎን ያሽከረክራል፤ በመጨረሻም በጀርባው ይወድቃል።

እያንዳንዱ እርምጃ የሚከሽፍበት ምክንያት አለው። የሃይድሮሊኩን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው የአውሮፕላኑ ሞተር ስለሆነ ሞተሩ ከቆመ ወይም ቧንቧው ከተበጠሰ ቱሬቱን በእጅ መዘውር ማዞር ግድ ይሆናል፤ ይህም ደቂቃ ይፈጃል። ቱሬቱ በጥይት ተመትቶ ከጎበጠ ጭራሽ አይዞርም። በጓንት የተሸፈነ የደነዘዘ እጅ መንጠቆውን ሊስተው ይችላል። አውሮፕላኑ መሽከርከር ከጀመረ የገዛ ክንዱን ማንሣት የሚያቅተው ሰው ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው። ወፍራሙ ጫማ ከመትረየሶቹ ሥር ተሰንቅሮ ተኳሹን አንጠልጥሎ ያስቀረበት ጊዜም ነበር።

አልከሜድ ሁለተኛውን እርምጃ በትክክል ፈጸመ፤ በሩን ከፈተው። ከበሩ ወዲያ ያለው ሆድ ዕቃ እሳት ነበር፣ ፓራሹቱም እዚያው መደርደሪያው ላይ እየነደደ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረው ምርጫ መቃጠልና መውደቅ ነው። ቱሬቱን ወደ ጎን አዞረና በጀርባው ወደቀ።

ይህ የአንድ ሰው ክፉ አጋጣሚ አይደለም። አሜሪካዊው አለን ማጊ በጃንዋሪ 3 ቀን 1943 በፈረንሳይ ሰን ናዜር ላይ ሲበር ቢ 17 በሚባለው አውሮፕላን ሆድ ሥር ባለች ክብ ቱሬት ውስጥ ነበር። እሷም እጅግ ጠባብ ስለሆነች ፓራሹቱ ከውጭ ተቀምጦ ነበር፤ ሲደርስበት በጥይት ተበጣጥሶ አገኘው። ከ6,700 ሜትር ገደማ ወድቆ የባቡር ጣቢያ የመስታወት ጣሪያ ሰብሮ ገባና ተረፈ። በሁለት አገር በተሠሩ ሁለት አውሮፕላኖች ላይ ያለው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ለመሣሪያው ቦታ ሰጡ፣ ሰውየው በተረፈው ቦታ ገባ፣ ፓራሹቱም ውጭ ቀረ። በ1944 በአንዳንድ ላንካስተሮች ላይ የተገጠመው ሮዝ የተባለው የቱሬት ዓይነት ሰፋ ያለና ለመውጣት የሚቀል ነበር። ለአብዛኞቹ ግን አልደረሰላቸውም።

አምስት ሴንቲሜትር

የፊተኞቹ አምስት ሰዎች መውጫስ? የታዘዙበት መንገድ ከአፍንጫው ሥር፣ ቦምብ አነጣጣሪው ከሚተኛበት ወለል ላይ ያለች ቀዳዳ ናት። ስፋቷ 22 ኢንች፣ 56 ሴንቲሜትር ገደማ ናት። ክዳኗ ወደ ውስጥ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ውጭ ይጣላል፤ አንዳንዴ ይሰነቀራል። ደረቱ ላይ ፓራሹት የሰካ፣ ወፍራም ልብስ የለበሰ ሰው በዚህች ቀዳዳ በጨለማ ማለፍ አለበት። የኋለኛው በር ሰፋ ያለ ቢሆንም ከበሩ የዘለለን ሰው የጅራቱ ክንፍ ሊመታው ስለሚችል፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ እንዲጠቀሙበት ነበር መመሪያው። ከመሐል ወደ ፊት ለመሄድ ደግሞ ክንፎቹን የሚያገናኘውና ሆድ ዕቃውን አቋርጦ የሚያልፈው ወፍራም ተሸካሚ ብረት ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

በዕዙ የጥናት ክፍል ከ1943 ጀምሮ የሠራው ወጣቱ የሒሳብ ሰው ፍሪማን ዳይሰን፣ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሣ፦ ከተመቱት አውሮፕላኖች ውስጥ ስንቱ ሰው በሕይወት ይወጣል? ከአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ግማሽ ያህሉ፣ ሃሊፋክስ ከተባለችው ሌላዋ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ሩብ ያህሉ፣ ከላንካስተር ግን ከመቶ 15 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካኖቹ በቀን ስለሚበሩ ነው ሊባል ይችላል። ሃሊፋክስ ግን እንደ ላንካስተር በሌሊት የምትበር፣ በዚያው ጠላት የምትመታ አውሮፕላን ናት። ዳይሰን እንደጻፈው የሃሊፋክስ መውጫ 24 ኢንች ነበር። ልዩነቱ ሁለት ኢንች፣ አምስት ሴንቲሜትር ነው። መውጫው እንዲሰፋ የጥናት ክፍሉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ቢጎተጉቱም ነገሩ ከወረቀት ወደ ፋብሪካ ሳይደርስ ጦርነቱ አለቀ።

ላንካስተር የተወደደችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከሃሊፋክስ የበለጠ ቦምብ ተሸክማ ከፍ ብላ ትበራለች፣ በእያንዳንዱ በረራ የመመታት ዕድሏም ያነሰ ነበር። ዕዙ የሚቆጥረው የተመለሱትን አውሮፕላኖች እንጂ ከወደቁት ውስጥ የወጡትን ሰዎች አልነበረም። ይህን መውቀስ ተገቢ ይመስለናል። መረጃው ነበር፤ የተማረኩት ሰዎች ስም በቀይ መስቀል በኩል ይደርስ ነበርና ከየትኛው አውሮፕላን ስንት እንደወጣ በጦርነቱ መሐል መቁጠር ይቻል ነበር፣ ተቆጥሯልም።

በዲኤስ 664 ላይ ከነበሩት ሰባት ሰዎች ሦስቱ ተርፈዋል። በላንካስተር ሚዛን ይህ ጥሩ የሚባል ውጤት ነው። በ1943ቱ የግድብ ዘመቻ በወደቁት ስምንት ላንካስተሮች ውስጥ 56 ሰዎች ነበሩ፤ በጣም ዝቅ ብለው ይበሩ ስለነበር የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው።

ከ5,500 ሜትር እስከ መሬት

አሁን ወደ ውድቀቱ። የሚወድቅ ሰው ፍጥነቱ ለዘላለም አይጨምርም። የአየሩ ግፊት ከክብደቱ ጋር ሲተካከል ፍጥነቱ ይረጋል፤ መሬት አጠገብ ይህ በሰከንድ 55 ሜትር፣ በሰዓት 200 ኪሎሜትር ገደማ ነው። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ፍጥነቱ ይበልጣል፣ ወደ ታች ሲወርድም እየቀነሰ ይመጣል። ስለዚህ ከ5,500 ሜትር የወደቀና ከ1,000 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት የሚመቱት በተመሳሳይ ፍጥነት ነው። ከፍታው ለወሬ እንጂ ለአካል ለውጥ የለውም። አልከሜድ በአየር ላይ የቆየው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይሆናል።

ወሳኙ ነገር ያንን ፍጥነት ለመጨረስ ስንት ርቀት እንዳገኘ ነው። በሰከንድ 55 ሜትር የሚወርድ ሰው በአምስት ሴንቲሜትር ውስጥ ቢቆም አካሉ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ 3,000 እጥፍ ይበልጣል። በ45 ሴንቲሜትር በረዶ ብቻ ቢቆም 340 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ይገድላል። በአንድ ሜትር 154 እጥፍ፣ በአምስት ሜትር ግን 31 እጥፍ ብቻ ነው። በረዶው ብቻውን አላዳነውም ማለት ነው። ያዳነው እየጎበጡና እየተሰበሩ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ የበሉለት የጥድ ቅርንጫፎች ናቸው፤ በረዶው የጨረሰው የቀረውን ነው። ወፍራምና ግትር ዛፍ ቢሆን ይገድለው ነበር።

የሶቪየቱ አቅጣጫ መሪ ኢቫን ቺሶቭ በጃንዋሪ 1942 ከ7,000 ሜትር ገደማ ሲወድቅ ፓራሹቱ ላዩ ላይ ነበር። ጀርመኖች በአየር ላይ እንዳይተኩሱበት መክፈቱን አዘገየ፣ ከዚያ ራሱን ሳተ። ያረፈው በበረዶ በተሞላ ገደል ጥግ ላይ ሆኖ በቁልቁለቱ ተንሸራተተ። ዳሌውና አከርካሪው ቢሰበርም ተረፈ። ማጊን ያዳነው መስታወት ነው፣ ቺሶቭን ቁልቁለት፣ አልከሜድን ቅርንጫፍ። ሦስቱም ያገኙት አንድ ነገር ነው፤ የማቆሚያ ርቀት።

ይህን በዚያው ዘመን በሳይንስ ያጠና ሰው ነበር፤ እሱም ራሱ ከአውሮፕላን አደጋ የተረፈ ነው። አሜሪካዊው ሂው ዴሄቨን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የበረራ ሠልጣኝ ሳለ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሆድ ዕቃው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። በ1942 ባሳተመው ጥናት ከ15 እስከ 45 ሜትር ከፍታ ወድቀው የተረፉ ሰዎችን መርምሮ፣ ኃይሉ ለቅጽበት ብቻና ከአካል ቁመት በአግድም ከመጣ ሰው ከክብደቱ 200 እጥፍ የሚደርስ ኃይል ሊቋቋም እንደሚችል ደመደመ። ዴሄቨን ከዚህ ተነሥቶ የጠየቀው ሰው ለምን ይተርፋል ብቻ አልነበረም፤ ታዲያ መትረፍ የሚገባው ሰው መኪናና አውሮፕላን ውስጥ ለምን ይሞታል አለ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው የአደጋ ጉዳት ጥናት በመኪና ውስጥ ቀበቶ፣ ለስላሳ የፊት ሰሌዳና በግጭት የማይከፈት በር እንዲለመድ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው።

ወረቀቱን ማንበብ

አልከሜድን የያዙት ጀርመኖች መጀመሪያ አላመኑትም፤ ፓራሹቱን ቀብሮ የሚሰልል መሰላቸው። ስብርባሪው ተመርምሮ የተቃጠለው ፓራሹት ቅሪት እሱ በተናገረው ቦታ ሲገኝ ግን እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ሰጡት። እስከ ሜይ 1945 በምርኮ ቆይቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በኬሚካል ኢንዱስትሪ ሠርቶ በ1987 አረፈ።

የሌሎችን ሠራተኞች አገልግሎት መመርመር የሚፈልግ ሰውም በተመሳሳይ መንገድ ቃልን ከቁስ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። መነሻው የስኳድሮኑ የግዳጅ መዝገብ ነው፤ በለንደን ብሔራዊ መዝገብ ቤት ኤር 27 በሚባለው ክፍል ይገኛል። ፎርም 540 የቀኑን ጠቅላላ ሁኔታ፣ ፎርም 541 ደግሞ የእያንዳንዱን አውሮፕላን ሠራተኞች፣ የተነሣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ይዘረዝራል። ላልተመለሰ አውሮፕላን የሚገኘው የተነሣበት ሰዓትና አለመመለሱን የሚገልጽ አጭር ቃል ብቻ ነው። ከምርኮ የተመለሱት በ1945 የሞሉት መጠይቅ በዚያው መዝገብ ቤት ደብሊው ኦ 344 በሚባለው ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ የተያዙበት ቀንና ቦታ እዚያ አለ። የሞቱትን ደግሞ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ዝርዝር ያሳያል። መቃብር ያልተገኘላቸው ከ20,000 በላይ የአየር ኃይል ሰዎች ስም እንግሊዝ ውስጥ ራኒሚድ በሚባል ቦታ ባለው መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው በቀኑ ነው። የሌሊት ግዳጅ ሁለት ቀን ይይዛል። መዝገቡ የተነሡበትን 24 ሲጽፍ መቃብሩ የሞቱበትን 25 ሊል ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ይመስሉታል። ስሞች በስሕተት ስለሚጻፉ በአውሮፕላኑ የምዝገባ ቁጥር መሄድ ይሻላል። በቅርብ ዓመታት የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር የወታደሮችን የግል ማኅደር ወደ ብሔራዊ መዝገብ ቤቱ እያዛወረ ስለሆነ፣ ቤተሰቦች ማመልከቻቸውን ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያቀርቡ አስቀድመው ማረጋገጥ አለባቸው።

በዚህ መንገድ ዲኤስ 664ን የተከተለ ሰው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሃኖቨር የጦር መቃብር ላይ ነው። ከሰባቱ አራቱ እዚያ ተቀብረዋል። አንዱ አብራሪው ጃክ ኒውማን ነው። በላንካስተር ላይ ፓራሹቱን ሌሊቱን ሙሉ ከአካሉ ሳይለይ የሚበረው አብራሪው ብቻ ነበር። ሌሎቹ እስኪዘሉ ድረስ መሪውን ይዞ አውሮፕላኑን ማረጋጋትም የእሱ ሥራ ነበር።